ማሽን ወይስ ማይክሮስኮፕ? የእንስሳት ደም ሕዋስ ቆጠራ ለጣና ዳር ላቦራቶሪዎች

ለሰው በተሠራ የደም መቁጠሪያ ማሽን የጤነኛ ፍየል ደም ብታስነብቡ ፍየሏ ልትሞት ጥቂት የቀራት ይመስላል። ቀይ የደም ሕዋሷ እጅግ አንሶ፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌቷ ደግሞ ከልክ በላይ በዝቶ ይወጣል። ያንኑ ደም በካፒላሪ ቱቦ ሞልታችሁ በሴንትሪፉጅ ብታዞሩት ፒሲቪው፣ ማለትም ቀይ ሕዋስ ከጠቅላላው ደም የያዘው ድርሻ፣ 30 በመቶ ነው፤ ፍየሏ ምንም አልሆነችም። ማሽኑም አልተበላሸም። የሰው ቀይ ሕዋስ ከ80 እስከ 100 ፌምቶ ሊትር (ጥቃቅን የሕዋስ መጠን የሚለካበት አሃድ) መጠን ሲኖረው የፍየል ከ16 እስከ 25 ብቻ ነው። የሰው ማሽን ከ30 ወይም ከ35 ፌምቶ ሊትር በታች ያገኘውን ሁሉ ፕላትሌት ብሎ ስለሚመዘግብ የፍየሏን ቀይ ሕዋስ አብዛኛውን እዚያው ይደምረዋል።

ስለዚህ ካታሎግ ከማገላበጣችሁ በፊት የናሙና መዝገባችሁን አውጡ። ያለፉትን ስድስት ወራት ናሙና በእንስሳ ዓይነት ቁጠሩት፦ ስንት ከብት፣ ስንት በግና ፍየል፣ ስንት ዶሮ፣ ስንት ውሻ። በቀን በአማካይ ስንት ይመጣል? በአንድ ቀን ከፍተኛው ስንት ነበር? ዝናቡ አባርቶ ተናዳፊ ዝንብ ሲበዛ ከፎገራና ከደራ የሚመጣው የከብት ደም፣ በከተማው ውስጥ ከሚመጣው የውሻ ደም ጋር አንድ ዓይነት መሣሪያ አይፈልግም።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ማሽን የሚተካው የመቁጠሪያ ስላይዱን ብቻ ነው። ካፒላሪ ቱቦውንና ስሚሩን (ስላይድ ላይ በስሱ ተዘርግቶ ቀለም የተነከረውን ደም) አይተካም። ማሽን ገዝቶ ስሚር መሥራት ያቆመ ላቦራቶሪ ከመግዛቱ በፊት ከነበረበት ወደ ኋላ ሄዷል።

ማሽኑ ምን ያያል

በአነስተኛ ላቦራቶሪ አቅም የሚገኘው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው በኤሌክትሪክ ነው። ደሙ ጨዋማ በሆነ ዳይሉየንት ይቀጥንና የፀጉር ውፍረት ያህል ስፋት ባለው ቀዳዳ ይሳባል። በቀዳዳው በኩል የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚያልፍ እያንዳንዱ ሕዋስ ሲሻገር ጅረቱ ለቅጽበት ይስተጓጎላል። ስንት ጊዜ እንደተስተጓጎለ ቁጥሩን፣ ምን ያህል እንደተስተጓጎለ የሕዋሱን መጠን ይነግራል። ዋላስ ኮልተር እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ነው። ነጩን ለመቁጠር ቀዩን የሚያፈነዳ ላይዝ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈ ኒውክሊየስ ሁሉ ነጭ ሕዋስ ይባላል። ማሽኑ ስንት ነገር እንዳለፈና ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ ያውቃል፤ ያለፈው ነገር ምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

የቀይ ሕዋስ መጠን በፌምቶ ሊትር እንዲህ ነው፦ ውሻ ከ60 እስከ 77፣ ከብት ከ40 እስከ 60፣ ድመት ከ39 እስከ 55፣ በግ ከ28 እስከ 40፣ ፍየል ከላይ እንዳልነው። ከዚህ በመነሳት የሰው ማሽን ብቻ ላለው ክሊኒክ የምንለው አጭር ነው። የውሻ ቀይ ሕዋስ ለእውነት የቀረበ ውጤት ይሰጣል። የከብት በጥርጣሬ ይታያል፤ በተለይ ደም ማነሱ ሕዋሱን ያሳነሰበት ጥጃ ላይ። የበግና የፍየል ፈጽሞ አይሞከርም።

ለእንስሳት ተብሎ የተሠራው ማሽን፣ ለምሳሌ ነጭ ሕዋስን በሦስት ክፍል የሚለየው ማይንድሬይ ቢሲ-2800 ቬት፣ የእንስሳ ምርጫ አለው። «ላም» ወይም «ውሻ» ስትሉት በፕላትሌትና በቀይ ሕዋስ መካከል ያለውን የመጠን ድንበር ያዛውራል። ትልቁ ጥፋት እዚህ ይፈጠራል፤ ጠዋት የመጨረሻው ናሙና ውሻ ነበር፣ ከሰዓት የበግ ደም ይገባል፣ ምርጫውን የቀየረ የለም። ማሽኑ ምንም ሳይል ቁጥር ያትማል። የእንስሳውን ስም ከናሙና ቁጥሩ ጋር በወረቀት ጽፎ ከስክሪኑ ጋር እያስተያዩ ማስነበብ ከሁሉም ማስጠንቀቂያ ይሻላል።

በእጅ ሲቆጠር

ማይክሮስኮፕ፣ የኒውባወር መቁጠሪያ ስላይድ ከራሱ ወፍራም ካቨር ስሊፕ ጋር፣ የተፈተሸ ፒፔትና ተርክ ፈሳሽ ይበቃሉ። ተርክን እዚያው መሥራት ይቻላል፦ 2 ሚሊ ሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድ፣ 1 ሚሊ ሊትር ባለ 1 በመቶ ጀንሺያን ቫዮሌት፣ በዲስቲልድ ውሃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር። በፊልተር ወረቀት አጥሩት። ቆይቶ ዝቃጭ ወይም ሻጋታ ከያዘ ድፉት፤ የሻጋታ ፍሬ በ10 ኦብጀክቲቭ ሲታይ ነጭ ሕዋስ ይመስላል።

ነጭ ሕዋስ ሲቆጠር፣ ሐምራዊ ክዳን ያለውን የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ቱቦ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ አድርጎ መገልበጥ ይቀድማል። መናጥ የለም። በትንሽ ቱቦ 380 ማይክሮ ሊትር ተርክ አድርጉ፤ 20 ማይክሮ ሊትር ደም ሳቡ። አሁን ፒፔቱን ወደ ፈሳሹ ከመክተታችሁ በፊት ጫፉን ከውጭ በሶፍት ጥረጉት፤ ሶፍቱ የጫፉን ቀዳዳ ከነካ ደሙን ከውስጥ ስለሚመጥ ከጎን ብቻ። ትንሽ የምትመስለው ይህች ሥራ ውጤቱን ትወስናለች። ጫፉ ላይ 2 ማይክሮ ሊትር ደም ተለጥፎ ከገባ ቁጥሩ በ10 በመቶ ያብጣል። በቀይ ሕዋስ ቆጠራ፣ የሚሳበው 5 ማይክሮ ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ 1 ማይክሮ ሊትር ትርፍ 20 በመቶ ነው። ከዚያ ደሙን ከፈሳሹ ሥር ልቀቁ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እየሳባችሁ ጫፉን እጠቡ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቆይ ቀዩ ይፈነዳል፤ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ቡናማ ካልሆነ አሲዱ ደክሟል።

ካቨር ስሊፑን በስላይዱ ትከሻዎች ላይ ስትጫኑት የቀስተ ደመና ቀለበት መታየት አለበት። ካልታየ መስታወቱ በትክክል አልተቀመጠም፤ ጥልቀቱም 0.1 ሚሊ ሜትር አይደለም፤ ስሌቱ ሁሉ ደግሞ በዚያ ጥልቀት ላይ የቆመ ነው። ተራ የስሚር ካቨር ስሊፕ ቀጭን ስለሆነ ይጎብጣል፤ ወፍራሙ ተሰብሮ በተራው የሚቆጠርበት ላቦራቶሪ ብርቅ አይደለም። 10 ማይክሮ ሊትር ያህል በጠርዙ አስጠጉለት፤ ራሱ ይስባል። ወደ ቦዩ ከፈሰሰ ወይም አረፋ ከያዘ ማስተካከል አይቻልም፤ አጥቦ እንደገና መጀመር ነው። እርጥብ ወረቀት ባለበት የፔትሪ ሳሕን ከድናችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አስቀምጡት። የባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ያለ እርጥብ ወረቀት ጠርዙን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ፈሳሹም ሕዋሱን ይዞ ወደ ዳር ይሸሻል።

በ10 ኦብጀክቲቭ፣ ኮንደንሰሩን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በአራቱ ማዕዘን ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ቁጠሩ። የላይንና የግራን መስመር የነካው ይቆጠራል፤ የታችንና የቀኝን የነካው ይተዋል። የአራቱ ድምር በ50 ይባዛል፤ 20 ጊዜ ቀጥኗል፣ ለጥልቀቱ 10፣ ለአራት ካሬ ይካፈላል። 120 ከቆጠራችሁ 6,000 በማይክሮ ሊትር ነው። አንዱ ካሬ 45፣ ሌላው 18 ከሆነ ማባዛቱን ተዉት፤ አልተደባለቀም።

በየመደርደሪያው የቀሩት የድሮ የቶማ ብርጭቆ ፒፔቶች አሁንም ይሠራሉ። ነጭ ዶቃ ያለው ለነጭ ነው፤ ደም እስከ 0.5፣ ተርክ እስከ 11 ሲሞላ 1 ለ20 ይሆናል። ቀይ ዶቃ ያለው ለቀይ ነው፤ እስከ 0.5፣ ከዚያ እስከ 101፤ 1 ለ200። በአፍ መሳብ ግን ይቅር። አባ ሰንጋና ብሩሴላ ባለበት አገር የእንስሳ ደም ወደ አፍ አይቀርብም፤ የጎማ መሳቢያ ይኑራችሁ።

ስለ ቀይ ሕዋስ በእጅ ቆጠራ ያለን አስተያየት አጭር ነው፦ ለዕለት ሥራ አትልፉበት። 5 ማይክሮ ሊትር ደም በ995 ማይክሮ ሊትር ኖርማል ሳላይን፣ በ40 ኦብጀክቲቭ፣ ከመካከለኛው 25 ካሬ አምስቱን ቆጥሮ በ10,000 ማባዛት ነው። ይቻላል፤ ግን የቀይ ሕዋስን ጉዳይ ፒሲቪ በአምስት ደቂቃ፣ በተሻለ ትክክለኛነት ይመልሰዋል። የሕዋሱን አማካይ መጠን ማወቅ የግድ ካልሆነ በቀር ጊዜ ማባከን ነው።

የስህተቱ መጠን

የማሽን ትልቁ ብልጫ ፍጥነቱ ይመስላል። እውነተኛው ብልጫ ግን የሚቆጥረው ብዛት ነው። 120 ሕዋስ ስትቆጥሩ፣ ፒፔቱ ፍጹም ቢሆን እንኳ፣ ዕድል ብቻ ቁጥሩን ወደ ላይም ወደ ታችም በ22 ያህል ሊያናውጠው ይችላል። የ120 ካሬ ሥር 11 ነው፤ እጥፉ 22። እናም «6,000» ያላችሁት ከ4,900 እስከ 7,100 ያለው ማንኛውም ሊሆን ይችላል። ትናንት 6,000 የነበረች ላም ዛሬ 7,000 ብትሆን ምንም አልተለወጠም። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ መቁጠር ያስፈልጋል። ማሽን በሺዎች ስለሚቆጥር ያንኑ ደም ደጋግሞ ሲያነብ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እና ከ3 በመቶ አይዘልም።

ነገር ግን ደጋግሞ አንድ ዓይነት መልስ መስጠትና ትክክል መሆን ይለያያሉ። የመክፈቻዋ ፍየል አሥር ጊዜ ብትነበብ አሥር ጊዜ ያው የተሳሳተ ቁጥር ይወጣል።

ዲፈረንሻሉ (የነጭ ሕዋስ ዓይነቶች ድርሻ) ላይ ደግሞ ሁለቱም ድክመት አላቸው። በ100 ሕዋስ ስሚር 10 በመቶ ኢኦሲኖፊል (ጥገኛ ትል ሲኖር የሚበዛ የነጭ ሕዋስ ዓይነት) ያገኘ ሰው እውነተኛው ከ4 እስከ 18 በመቶ መሆኑን ይወቅ፤ 200 ቢቆጥር ከ6 እስከ 15 ይጠባል። የጉበት ትል በበዛበት የጣና ረግረግ ኢኦሲኖፊል ዋጋ ያለው ፍንጭ ስለሆነ 200 መቁጠር ያዋጣል። በሦስት ክፍል የሚለየው ማሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢኦሲኖፊልንና ሌላውን የነጭ ሕዋስ ዓይነት ኒውትሮፊልን «ግራኑሎሳይት» ብሎ አንድ ላይ ያስቀምጣል። ሌላም አለ። ከባድ የጡት ብግነት የያዛት ላም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጭ ሕዋሷ 5,000 ሊሆን ይችላል፤ በከብት መደበኛ ከ4,000 እስከ 12,000 ስለሆነ ማሽኑ «ደህና» ይላል። ስሚሩ ላይ ኒውትሮፊሉ ያልበሰለ፣ ኒውክሊየሱ ያልተከፋፈለ ሆኖ ይታያል። አጥንት መቅኒው ያለውን ጨርሶ ያልደረሰውን እየላከ ነው። ይህን የሚያይ ዓይን ነው።

ኒውክሊየስ ያለው ቀይ ሕዋስ ሁለቱንም መንገድ ያታልላል፤ ተርክም ላይዝም ኒውክሊየሱን አያጠፉትም። ስሚር ላይ በ100 ነጭ ሕዋስ መካከል ስንት እንዳለ ቁጠሩና የተገኘውን ነጭ ሕዋስ በ100 አባዝታችሁ፣ 100 ሲደመር በዚያ ቁጥር አካፍሉት። ማሽኑ 12,000 ካለና በ100 ነጭ 50 ባለ ኒውክሊየስ ቀይ ካለ እውነተኛው 8,000 ነው።

ዶሮና ዓሣ

በዶሮ ጉዳይ ክርክር የለም። ቀይ ሕዋሷም፣ የፕላትሌትን ሥራ የሚሠራው ትሮምቦሳይትም ኒውክሊየስ አላቸው። በማይክሮ ሊትር ሦስት ሚሊዮን ገደማ ኒውክሊየስ መካከል ሃያ ሺህ ነጭ ሕዋስ በላይዝ አይለይም። ተርክም አይሆንም። የናትና ሄሪክ ፈሳሽ ያስፈልጋል፦ በ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ሶዲየም ክሎራይድ 3.88 ግራም፣ ሶዲየም ሰልፌት 2.50 ግራም፣ 12 ውሃ የያዘ ዳይሶዲየም ፎስፌት 2.91 ግራም፣ ሞኖፖታሲየም ፎስፌት 0.25 ግራም፣ ባለ 37 በመቶ ፎርማሊን 7.5 ሚሊ ሊትር፣ ሜቲል ቫዮሌት 0.10 ግራም። አሳድራችሁ አጥሩት። 5 ማይክሮ ሊትር ደም በ995 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ፤ ስላይዱን ሞልታችሁ 10 ደቂቃ አሳርፉ። ዘጠኙንም ትልልቅ ካሬዎች ቁጠሩ፣ በድምሩ ላይ 10 በመቶውን ጨምሩ፣ በ200 አባዙ። 100 ቢቆጠር 110 ይሆናል፤ ውጤቱ 22,000። አስቸጋሪው ትሮምቦሳይትን ከነጭ ሕዋስ ዓይነት አንዱ ከሆነው ከትንሽ ሊምፎሳይት መለየት ነው፤ ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሮ ማስተያየት እስኪለመድ ድረስ አይቀርም። የጣና ቆሮሶም አምባዛም ደማቸው እንዲሁ ባለ ኒውክሊየስ ስለሆነ ከዶሮ ጋር ይመደባሉ።

ዋና ሥራችሁ ዶሮ ከሆነ ማሽን አትግዙ።

ማሽኑን የሚያሳምመው

መብራት ቀዳሚው ነው። ማሽኑ ደም እየሳበ መብራት ቢጠፋ ደሙ በቀዳዳውና በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይቀራል፤ ፕሮቲኑ ሲደርቅ ቀዳዳው ይጠብባል። ማሽኑ የጀመረውን ዑደት ጨርሶ ራሱን የሚያጥብበት ጊዜ የሚሰጥ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ከዋጋው ጋር ደምሩት። ጄኔሬተር ብቻ አይበቃም፤ እስኪነሳ ያለው ግማሽ ደቂቃ ጉዳቱን አድርሶ ይጨርሳል።

ሁለተኛው የምድር ሽቦ ነው። የሚቆጠረው የጅረት መስተጓጎል ስለሆነ የሶኬቱ ጫጫታ ራሱ እንደ ሕዋስ ይነበባል፤ ትንሿ ምልክት ፕላትሌት ስለሆነች የምትታወከው እሷ ናት። ጠዋት ያለ ደም ባዶውን ስታስነብቡ ፕላትሌት ከ10,000 በላይ ካሳየ፣ ሪኤጀንት (የማሽኑን ፈሳሾች) ከመቀየራችሁ በፊት ሴንትሪፉጁን ወይም ፍሪጁን ከዚያው መስመር ነቅላችሁ ድገሙት። ብዙ ሪኤጀንት በከንቱ የተደፋው ምድር ሽቦ በሌለው ሶኬት ምክንያት ነው።

የረጋ ደም ሦስተኛው። ፍንጣሪ የምታህል ጓል ቀዳዳውን ትዘጋለች፤ አንዳንዴ ማሽኑ «ተዘግቷል» ይላል፣ አንዳንዴ ግን ዝም ብሎ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል። ቱቦው ከመግባቱ በፊት በንጹሕ የእንጨት ዘንግ ደሙን አንዴ ፈትሹ፤ ጓል ከተንጠለጠለበት ያ ናሙና ለማሽንም ለእጅም አይሆንም። በግማሽ የተሞላ ቱቦ ደግሞ ኢዲቲኤው ስለሚበዛ ቀይ ሕዋሱን ያኮማትራል፤ ፒሲቪው ያለ በሽታ ይወርዳል። ለማጠቢያ የሚላከውን ማጽጃ በገበያ በረኪና አትተኩት፤ ሽታ ማሳመሪያና ዝቃጭ ያለበት ነገር ወደዚያ ቀዳዳ አይገባም።

የሪኤጀንት ወጪ ሲሰላ ብዙ ሰው የሚስተው ማሽኑ ያለ ናሙናም እንደሚጠጣ ነው። ጠዋት ሲነሳ፣ ማታ ሲዘጋ፣ ሲታጠብ ዳይሉየንት ይሄዳል። በቀን ሁለት ናሙና የሚያስነብብ ክሊኒክ ከደም ይልቅ ማሽን በማጠብ ይጨርሰዋል። ዕቃው ከተከፈተ በኋላ ያለው ዕድሜም በካርቶኑ ላይ ካለው ያጥራል። የመጀመሪያውን ዕቃ የከፈታችሁበትን ቀን በማርከር ጻፉበት፣ ባዶ እስኪሆን ያነበባችሁትን ናሙና ቁጠሩ፣ ዋጋውን አካፍሉ። የናሙናው እውነተኛ ዋጋ ያ ነው።

መቆጣጠሪያ ደም፣ ማለትም ቁጥሩ አስቀድሞ የታወቀ የማሽን መፈተሻ ደም፣ ቅዝቃዜ ጠብቆ መጓዝ ያለበትና ቶሎ የሚያልፍበት ስለሆነ የሚያቋርጥባቸው ወራት ይኖራሉ። በእነዚያ ወራት የሚያድነው ፒሲቪ ነው። በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ናሙና በሴንትሪፉጅ አዙራችሁ ከማሽኑ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ ከ3 ነጥብ ከበለጠ የዚያን ቀን ውጤት አትስጡ። ሄሞግሎቢን በ3 ሲባዛ ፒሲቪውን መቅረብ አለበት። በቀይ ሕዋስ ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን ክምችት ከ38 ግራም በዴሲ ሊትር በላይ ከወጣ እንስሳው ላይ ያለ ነገር አይደለም፤ ወይ ደሙ ተበላሽቷል፣ ወይ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ቅባት አለው፣ ወይ ቆጠራው ስቷል።

ገንዲና ካፒላሪ ቱቦው

በጣና ዙሪያ ከብት ከስቶ፣ ድዱ ነጥቶ ሲመጣ ጥያቄው «ቀይ ሕዋሱ ስንት ነው» ሳይሆን «ምን በላው» ነው። እዚህ ያለው ገንዲ (ትሪፓኖሶማ የተባለ የደም ጥገኛ የሚያመጣው በሽታ) በአብዛኛው ቪቫክስ የተባለው ነው። ቆላ ዝንብ ሳያስፈልገው በፈረስ ዝንብና በሌሎች ደም መጣጭ ዝንቦች አፍ ከከብት ወደ ከብት ይሻገራል። ማሽን አያየውም። ካፒላሪ ቱቦው ግን ያሳያል። በ12,000 ዙር ለ5 ደቂቃ አዙሩት፤ የፍየል ከሆነ ሕዋሱ ትንሽ ስለሆነ 10 ደቂቃ ስጡት። ፒሲቪውን አንብቡ፤ በከብት ከ24 በመቶ በታች ደም ማነስ ነው። የፕላዝማውን ቀለም እዩ፦ ቢጫ ከሆነ የወፍ በሽታ ሊሆን ይችላል (አረንጓዴ ሣር የሚግጥ ከብት ፕላዝማ ግን በጤናውም ቢጫ ሊሆን ይችላል)፣ ቀይ ከሆነ የተሰባበረ ደም። ከዚያ ቱቦውን ከነጩ ንብርብር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ቀዩ ወረድ ብላችሁ ቁረጡ፣ ነጩን ከላይ ካለው ትንሽ ፕላዝማ ጋር ስላይድ ላይ አፍስሱ፣ ካቨር ስሊፕ ጣሉበት፣ በጨለማ ዳራ ወይም ኮንደንሰር ዝቅ አድርጋችሁ እዩ። ቪቫክስ ፈጣን ነው፤ ከዓይን እይታ ክብ ውስጥ በቀጥታ ሮጦ ይወጣል። ቱቦው እንደቆመ ቢውል ይሞታል፤ በቶሎ ይታይ። መዥገር ወለድ የሆኑት የደም ተሕዋስያን ባቤሲያና አናፕላስማም በእንዲህ ያለ ላቦራቶሪ የሚታዩት በስሚር ነው።

ከደቅ ደሴት በጀልባ ወይም ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ናሙና ሌላ ጥያቄ ያነሳል። ስሚሩ እንስሳው አጠገብ ተሠርቶ፣ ደርቆ፣ በሜታኖል ተነክሮ ይምጣ። ቱቦው በአይስ ቦክስ ሲጓዝ በረዶውን እንዳይነካ በወረቀት ይጠቅለል፤ በረዶ የሆነ ደም ይሰባበራልና። ቀይ ሕዋስ እየቆየ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ነጩ ይበላሻል፣ ፕላትሌት ይጣበቃል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ የማሽኑን ዲፈረንሻል አትመኑት።

ወተትን በአጭሩ

የወተት ሕዋስ ቆጠራ ተመሳሳይ ምርጫ አለው። በእጅ፣ 0.01 ሚሊ ሊትር ወተት በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ተዘርግቶ፣ ደርቆ፣ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። አድካሚ ነው፤ ግን ኤሌክትሪክ ከማይክሮስኮፑ መብራት አያልፍም። በማሽን፣ ዲኤንኤን የሚያበራ ቀለም ይጠቀማል። ከሩብ ጡት በሚሊ ሊትር ከ200,000 በላይ ሲሆን ብግነት ይጠረጠራል። የፍየል ወተት ኒውክሊየስ የሌላቸው የሕዋስ ቁርጥራጮች ስላሉበት ዲኤንኤን የማይለይ ቀለም ውጤቱን ያጋንነዋል። ለከተማው ዲቃላ ላሞች በረት ላይ የሚደረገው የካሊፎርኒያ ምርመራ (የጡት ብግነት ፈጣን መፈተሻ) አጣርቶ፣ የተጠረጠረውን ብቻ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ከሁለቱም ይቀድማል።

ታዲያ ማን የቱን ይምረጥ

በቀን ከአምስት ናሙና በታች፣ ከብት፣ በግና ዶሮ የተቀላቀለበት የወረዳ ክሊኒክ፦ ሴንትሪፉጅ፣ ጥሩ ማይክሮስኮፕና ሁለት የኒውባወር ስላይድ። ገንዘብ ከተረፈ ሁለተኛ ማይክሮስኮፕ። ማሽን ለእሱ ሸክም ነው።

በቀን ሃያና ከዚያ በላይ የሚቀበል፣ እንደ ባሕር ዳሩ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ከብዙ ወረዳ ናሙና የሚመጣለት ወይም የመንጋ ጥናት የሚያካሂድ፦ የእንስሳት ማሽን ይግዛ። አንድ ሰው በእጅ አንድ ነጭ ሕዋስ ቆጥሮ ለመጨረስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሃያኛው ላይ ዓይኑም ይሰንፋል፣ ቁጥሩም። የተረፈው ጊዜ ለስሚር ይሰጥ።

በመካከል ያለው የሚወሰነው በመብራትና በጥገና ነው። መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ ለዚያ ሳምንት የሚተካው ሰው መቁጠር የሚችል መሆን አለበት። ተማሪ የሚያሠለጥን ተቋም ሁለቱንም ይያዝ፤ ስላይድ ላይ ያልቆጠረ ሰው ማሽን ሲስት አያውቅም።

ሻጭ ማሽን ሊያሳያችሁ ሲመጣ የራሱን መቆጣጠሪያ ደም ይዞ ይመጣል፤ ያ ሁልጊዜ ጥሩ ይነበባል። እናንተ ፒሲቪያቸውን አስቀድማችሁ ያነበባችኋቸውን ሦስት ቱቦ ይዛችሁ ጠብቁት። የፍየሉን አሥር ጊዜ አስነብቡ፤ ከፒሲቪው ከራቀ «ፍየል» የሚለው ምርጫ ስም ብቻ ነው። ቀይ ሕዋሷ የበዛ ላም ደም አስነብባችሁ ወዲያው ባዶ አስከትሉ፤ ባዶው ላይ ሕዋስ ከቀረ እጥበቱ ደካማ ነው። የዶሮውን በመጨረሻ፣ በ«ላም» ምርጫ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። ማሽኑ ምልክት አሳይቶ እምቢ ቢል ደህና ነው። ምንም ሳያስጠነቅቅ ንጹሕ ቁጥር አትሞ ከሰጣችሁ ግን ወረቀቱን ያዙት፤ ዋጋ ስትነጋገሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።